የረዳት አብራሪው ምሳ

«እና ኩሽና ውስጥ ነው የምትሠሪው?» አሉ ካፒቴኑ። «ኩሽና» የምትለዋን ቃል ከሾርባ ውስጥ እንዳገኟት ፀጉር በሁለት ጣት አንጠልጥለው ነበር ያወጧት።

«አዎ ጋሼ፣ የአየር መንገዱ ኩሽና። የአብራሪዎችና የአስተናጋጆች ምሳ የሚዘጋጅበት ክፍል ነኝ» አለች ልጅቱ።

ቀኑ እሑድ ነው። ረዳት አብራሪው ሊያገባት የወሰነውን ልጅ ከአጎቱ ከካፒቴኑ ጋር ሊያስተዋውቅ ለምሳ ይዟት መጥቷል። ልጅቱን የሥራ ባልደረቦቿ ቃሪያ ይሏታል፤ ቀጭን ስለሆነች ብቻ አይደለም፣ የነካት ሁሉ ስለሚቃጠል ጭምር ነው። ዛሬ ግን ማንንም ላታቃጥል ለራሷ ምላ፣ ከእህቷ የተዋሰችውን ቀሚስ ለብሳ፣ ጉልበቷን ገጥማ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ተቀምጣለች። ለአንድ ወንድ ሲባል ይህን ያህል ዝቅ ማለት ካስፈለገ ወንዱ የሚገባው መሆኑን ቀድሞ ማጣራት ይሻል ነበር። ግን ፍቅር መች ጊዜ ይሰጣል!

«አባትሽስ ምን ይሠራሉ?» አሉ የካፒቴኑ ሚስት፣ ዳቦውን ወደ እሷ ገፋ እያደረጉ።

«ሾፌር ነበሩ። የከተማ አውቶቡስ።»

«ጥሩ ነው። ዞሮ ዞሮ እሳቸውም መሪ ይዘው ነው የኖሩት ማለት ነው» አሉና ፈገግ አሉ። ፈገግታው ወዴት እንደተወረወረ ለቃሪያ አልጠፋትም። ውሃዋን ተጎነጨች።

ካፒቴኑ ቀጠሉ። «አትቀየሚኝና ልጄ፣ ዕድሜ ልኬን ስበር ሰማይ ላይ ምግብ የሚባል ነገር አልበላሁም። ሥጋው የጫማ ሶል ነው። ሩዙ ደግሞ ዶሮ ጭራ የተወችው ይመስላል። መንገደኛውም ቢሆን የሚበላው ስለራበው አይደለም፣ በቀበቶ ስለታሰረ ነው።»

ረዳት አብራሪው ሳቀ። የሳቀው አጎቱ ስለሳቁ ነው። ቃሪያ በጠረጴዛው ሥር እግሩን ብትረግጠው ደስ ባላት፤ ግን መሐላ አለባት።

«እውነቱን ለመናገር ግን» አሉ ካፒቴኑ አፋቸውን በጨርቅ አበስ አድርገው፣ «አንዲት ምሳ አለች። የሚሠራትን ሰው እግዜር ይስጠው! ዶሮ ናት። ሎሚና የጥብስ ቅጠል ገብቷት፣ ቆዳዋ ቀላ ብሎ፣ ሥሯ በነጭ ሽንኩርት የታሸ ድንች ተነጥፎላት ትመጣለች። ሰማይ ላይ መሆኔን የምታስረሳኝ እሷ ብቻ ናት።»

ቃሪያ ቀና አለች። ያቺ ዶሮ የእሷ ናት።

«ጉዱ ምን መሰለሽ፣ ለእኔ ተሠርታ መጥታ አታውቅም! ሁልጊዜ የምትመጣው በዚህ ልጅ ትሪ ላይ ነው» ብለው የእህታቸውን ልጅ ትከሻ መታ መታ አደረጉ። «የእኔ ላይ ያው የጫማ ሶሉ ነው። ግን ካፒቴን ቀድሞ ይመርጣል። እኔ የእሱን አነሳለሁ፣ እሱ የእኔን ይበላል። ለጓደኞቼም ነግሬያለሁ፤ ከዚህ ልጅ ጋር ከበረራችሁ የእሱን ትሪ አንሱ ብዬ። አሁንማ ከእሱ ጋር የተመደበ ካፒቴን ሁሉ ቁርስ ሳይበላ ነው የሚመጣው!»

ባልና ሚስቱ ተሳሳቁ። ቃሪያ ረዳት አብራሪውን አየችው። እሱ የውሃ ብርጭቆውን ነበር የሚያየው። ጆሮዎቹ ቀልተዋል።

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ነው፣ እናንተም ፍረዱ። በበረራ ሙያ አንድ ደንብ አለ፤ ካፒቴኑና ረዳቱ አንድ ዓይነት ምግብ አይበሉም። ምግቡ ተበላሽቶ የአንዱን ሆድ ቢቆርጠው ሌላው አውሮፕላኑን እንዲያሳርፍ ነው። ስለዚህ ኩሽናው ለሁለቱ የተለያየ ምሳ ያዘጋጃል፤ አንዱ ትሪ ላይ «ካፒቴን»፣ ሌላው ላይ «ረዳት» የሚል ወረቀት ይለጠፋል። ቃሪያ ይህን ሰው ከወደደች ወዲህ፣ እሱ በሚበርበት ቀን ሁሉ «ረዳት» የሚለውን ትሪ በገዛ እጇ ነበር የምታሰናዳው። የተዋወቁትም በምሳ ነው። አንድ ቀን የእሱ ትሪ ተረስቶ ኖሮ ራሱ ከአውሮፕላኑ ወርዶ ወደ ምግብ ጫኙ መኪና መጣ። መኪናው ላይ የነበረችው እሷ ናት። «ምግብህን የሚያስብልህ ሰው የለህም?» አለችው። «እስከ ዛሬ አልነበረኝም» አላት። ይህን ያለው አፉ ነው፤ ልብ አድርጉ።

ከዚያ በኋላ ከበረራ በተመለሰ ቁጥር ይደውላል። «ዛሬማ ጣቴን ነው የቆረጠምኩት!» ይላታል። «አውሮፕላኑን ለራሱ ትቼለት ነው የበላሁት» ይላታል። አንድ ቀን ሎሚው አንሶ እንደሆነ ብትጠይቀው «ትንሽ ጨምሪበት» አላት። ጨመረች። ለማን አፍ ስትጨምር እንደኖረች አሁን ገባት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የአየር መንገዱ ካፒቴን ሁሉ የሚያውቀውን ጉድ ያላወቀችው የዶሮዋ ባለቤት ብቻ ነበረች።

«ጋሼ» አለች። ድምጿ ዝቅ አላለም። «ያቺን ዶሮ የምሠራት እኔ ነኝ። ለእርስዎ ግን አይደለም።»

ካፒቴኑ አንዴ እሷን፣ አንዴ የእህታቸውን ልጅ አዩና በረጅሙ ሳቁ።

«አትይኝም! እጅሽ ይባረክ! ታዲያ ምን ችግር አለ? የእኛ ወጥ ሠሪ ጥላን ልትሄድ ነው። ትዳር ትዳር ከምትሉ ለምን እዚሁ ቤት አትቀጠሪም? ኩሽናችን ሰፊ ነው።»

ከዚህች ንግግር በኋላ እኔ ይህን ሰው አንቱ ማለት ትቻለሁ። አንባቢ ከፈለገ ይቀጥልበት።

ቃሪያ ወዲያው አልተነሳችም። ጠበቀች። ከካፒቴኑ ይቅርታ አልጠበቀችም፤ ከጎኗ ከተቀመጠው ሰው አንዲት ቃል ነበር የጠበቀችው። «ጋሼ፣ ይብቃ» ቢል ይበቃት ነበር። እሱ ግን የእጅ መጥረጊያውን አጠፈው። ፈታው። እንደገና አጠፈው። እሷ ፊት ለፊት ስትሰደብ የምትወደው ሰው ጨርቅ ያጥፋል!

ተነሳችና ቦርሳዋን አነገተች። «ምሳው ጥሩ ነበር» አለች ለሚስቲቱ። «ለሠራችው ልጅ እጅሽ ይባረክ በሉልኝ። ያላት ሰው ያለ አይመስለኝም።»

ወጣች። በሩን አላላተመችም፤ ስታስበው ግን እስከ ዛሬ ይቆጫታል።

*

«ቆይ! ላስረዳሽ!» እያለ ከግቢው በር እየሮጠ ደረሰባት።

«አንድ ነገር ብቻ መልስልኝ። አንዴ እንኳን ቀምሰሃታል?»

የሸሚዙን ቁልፍ ነካካ።

«ንገረኝ እንጂ!»

«አንዴ… ድንቹ ተርፎ ነበር።»

«ድንቹ!» አለች። አላፊ አግዳሚው ዞር ብሎ አያት። «የአጎትህን ትራፊ! ከዚያች ድንች ተነስተህ ነው ጣቴን ቆረጠምኩ የምትለኝ?»

«ደስ እንዲልሽ ብዬ ነው። በላሁት ስልሽ ድምፅሽ እንዴት እንደሚሆን አታውቂውም። እውነቱን ብነግርሽ የሚከፋሽ መሰለኝ።»

«ይክፋኝ! የእኔ መከፋት አይደል? ማን ደብቅልኝ አለህ?»

«ስሚኝ። አባቴ ሲሞት አንስተው ያሳደጉኝ፣ እስከ ዛሬም ቤታቸው ያኖሩኝ እሳቸው ናቸው። ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ዛሬ ያለሁበት ወንበር ላይ ያስቀመጡኝ እሳቸው ናቸው። በረራ ላይ ደግሞ አዛዤ ናቸው። ምን ላድርግ? በአንዲት ምሳ ከእሳቸው ጋር ልጣላ?»

«አንዲት ምሳ?» አለች። «እኔ ሰማይ ላይ ወጥቼ አላውቅም። አውሮፕላን ሲነሳ ከታች ሆኜ አያለሁ። አንተ ጋ ልደርስ የምችለው በዚያች ትሪ ብቻ ነበር። ልቤን ነው የምልክልህ የነበረው፣ ገባህ? አንተ ተቀብለህ ለአጎትህ ታሳልፋለህ። ለአጎትህ ብቻ ቢሆን እሺ! ለካፒቴን ሁሉ! ደንቡ አንድ ዓይነት አትብሉ ነው የሚለው፤ የሴትዮህን እጅ አሳልፈህ ስጥ አይልም።»

«ልክ ነሽ። አጥፍቻለሁ።»

«እሱን ተወው። የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። ምሳህን ስጥ ሲሉህ ሰጠህ። ሲሰድቡኝ ዝም አልክ። ነገ ‹ይቺን ልጅ ተዋት› ሲሉህስ?»

እሱ ራሱ መልሱን ባለማወቁ የደነገጠ ይመስል ዓይኖቹ ፈጠጡ። ቃሪያ ያን ፊት አየችና ከስድቡም፣ ከውሸቱም ይልቅ እሱ ሰበራት።

«ደህና ሁን» አለችው።

አውቶቡስ ውስጥ አጠገቧ የተቀመጡ ሴትዮ መሐረብ ዘረጉላት። «አይዞሽ ልጄ፣ ምን አስለቀሰሽ?» አሏት።

«አላለቀስኩም እማማ» አለች እንባዋ እየወረደ። «ተናድጄ ነው።»

*

በማግሥቱ የ«ረዳት» ትሪ ላይ የተቀቀለ ዓሣና ካሮት ተጫነ። ማክሰኞም እንዲሁ። የክፍሉ አለቃ፣ ሠራተኛው ሁሉ እትዬ የሚላቸው ወፍራም ሴትዮ፣ ፎይሉን ገለጥ አድርገው አዩት።

«ይሄ እኮ የበሽተኛ ምግብ ነው» አሉ።

«ካፒቴኖቹ ይብሉት።»

«የተናደድሽው በሰው ነው። ዓሣው ምን አደረገሽ?»

ቃሪያ የሚቀጥለውን ትሪ በፎይል ሸፈነች። ስልኳ ኪሷ ውስጥ ይንቀጠቀጣል፤ አታነሳውም። «ይቅርታ» የሚል መልእክት መጣ። ይቅርታ ብሎ ለመጻፍማ ጣት ብቻ ነው የሚያስፈልገው፤ እሷ የፈለገችው ምላስ ነበር፣ ያውም እሑድ ዕለት፣ ያውም በዚያ ጠረጴዛ ላይ። ቀኑን ሙሉ ካሮት ስትከትፍ ቢላዋው ከወትሮው በላይ ይጮህ ነበር። የሚያናድዳት ደግሞ ይህ ሁሉ ሆኖ መናፈቋ ነው። በዚያ ሳምንት ከሁሉም በላይ የተቆጣችው በገዛ ልቧ ላይ ነበር።

ሐሙስ ዕለት ለረጅም በረራ ለሚወጡ፣ ለማታውቃቸው አብራሪዎች ዶሮዋን ሠራች። ትሪዎቹን ከምድጃ እያወጣች ሳለ የኩሽናው ጫጫታ በአንዴ ጸጥ አለ። ቀና ስትል ረዳት አብራሪው በመጫኛው በር፣ ከቢጫው መስመር ወዲያ ቆሟል። የደንብ ልብሱን እንደለበሰ ነው፤ ባርኔጣው ብብቱ ሥር ነው።

«መስመሩን ያለ ፀጉር መሸፈኛና ያለ ጋውን ማንም አያልፍም» አሉ እትዬ። «ካፒቴንም ቢሆን።»

«ካፒቴን አይደለሁም እትዬ» አለ።

ሰማያዊ የፕላስቲክ ቆብ ጆሮው ድረስ አጠለቀ። ጉልበቱ ላይ የሚቀር ጋውን ለበሰ። ዕቃ አጣቢዎቹ ሳቃቸውን አፍነው ያዙ። ቃሪያ አልሳቀችም፤ ፊቱ ከስቶ አየችው፤ አይቼዋለሁ ብላ ግን ለራሷም አልነገረችም።

«ዛሬ ከጋሼ ጋር ነበር የበረርኩት» አለ፣ ሰው ሁሉ እየሰማው። «ምሳ መጣ። የእኔን ትሪ አነሱ። ‹ጋሼ፣ ያ የእኔ ነው› አልኳቸው።»

«ውስጡ ዓሣ ነው የነበረው።»

«አውቃለሁ። የቀዘቀዘ ዓሣ።»

«ለቀዘቀዘ ዓሣ ነው የተጣላኸው?»

«ለዓሣው አይደለም» አለ። «የቀለድኩ መስሏቸው ሳቁ። ደገምኩት። ‹ትሪው የእኔ ነው፤ የሠራችውንም ልጅ አገባታለሁ፤ እሑድ ለተናገሯት ቃል ይቅርታ ይጠይቋት› አልኳቸው። ‹ባጎረስኩ ተነከስኩ› አሉኝ። ከዚያ በኋላ እስክናርፍ ድረስ ለሥራው ከሚያስፈልገው በቀር ቃል አልተለዋወጥንም። ልብሴን ይዤ ከቤታቸው ወጥቻለሁ።»

«ባጎረስኩ?» የቃሪያ ማንኪያ ጠረጴዛው ላይ ተጋጨ። «ማነው አጉራሹ? ዓመቱን ሙሉ የእኔን ዶሮ ሲጎርስ ኖሮ!»

አንድ ሰው ከኋላ «እውነቷን ነው!» አለ። እትዬ ገላመጡት።

ቃሪያ ልታምነው ፈለገች። ልታምነው በመፈለጓ ደግሞ ተናደደች።

«ይህን ሁሉ የምትነግረኝ አንተ ነህ» አለችው በቀስታ። «ዶሮዋን በላኋት ያልከኝም አንተ ነህ። የቱን ልመን?»

አንገቱን ደፋ።

ቃሪያ ከምድጃ ከወጡት ትሪዎች አንዱን አነሳች፣ ሹካ ሰካችበትና እጁ ላይ አስቀመጠችለት። «ብላ።»

የኩሽናው ሠራተኞች ተያዩ። ለምን ቢባል፣ እዚያ ያለ ሠራተኛ ሁሉ የሚያውቀውን እሱ አያውቅም። ሰው ሰማይ ላይ ሲወጣ ምላሱ ይደነዝዛል፤ አየሩ ደረቅ ነው፣ የሞተሩ ድምፅ ጣዕም ይቀማል። ስለዚህ ለበረራ የሚሠራ ምግብ ጨውም ሎሚም በርከት ተደርጎ ይጨመርበታል። እዚያ ላይ ሲበላ ልክ ይመጣል፤ መሬት ላይ የቀመሰው ሰው ግን «ውሃ! ውሃ!» ይላል። የኩሽናው ሠራተኞች ራሳቸው ምሳቸውን ከቤት ነው የሚቋጥሩት። መሬት ላይ ቆሞ ያቺን ዶሮ በልቶ «ትጣፍጣለች» የሚል ሰው አንድም ምላስ የለውም፣ አንድም ውሸታም ነው።

ትልቅ ጉርሻ ቆርሶ አፉ አደረገ። አኘከ። ማኘኩን ቀነሰ። ዓይኖቹ ውሃ አቀረሩ።

«እንዴት ነው?» አለች።

እጇን ጋውኗ ኪስ ውስጥ ከታ ጣቶቿን ጨበጠች። «ጣት ያስቆረጥማል» ካለ በቃ ነው። ዞራ ወደ ምድጃዋ ትሄዳለች፤ እሱም በመጣበት በር ይወጣል፤ ይህን ሰው ሁለተኛ አታየውም። ይህን ወስናለች። ወስናም በልቧ «እባክህን፣ እባክህን» ትል ነበር።

እሱ በግድ ዋጠ። እትዬን አየ፣ ዕቃ አጣቢዎቹን አየ፣ በመጨረሻ እሷን አየ።

«ይቅርታ አድርጊልኝ» አለ። «ከዚህ በኋላ ባታናግሪኝም ልዋሽሽ አልችልም። ጨው በዝቶበታል። በጣም በዝቶበታል። ሎሚውም አፍ ይጨብጣል። እንዴት ሰው ይህን እንደሚወደው አልገባኝም።»

የሆነ ሰው ሳህን ጣለ። እትዬ አፋቸውን በጋውናቸው ሸፈኑ። ቃሪያ በመጀመሪያ የሳቀች መስሏት ነበር፤ ጉንጯን ስትነካው ግን እርጥብ ነው።

«መሬት ላይ ጨው ነው» አለችው። «ለሰማይ ነው የተሠራው። ሰማይ ላይ ብትበላው ኖሮ ይህን ታውቅ ነበር፣ አንተ ውሸታም!»

«ታዲያ ለምን ሰጠሽኝ?»

«አንዴ እንኳን እውነት ስትናገር ልይህ ብዬ።» በእጇ ጀርባ ፊቷን ጠረገች። «እና ለአጎትህ ንገረው። እሱ ቤት ኩሽና አልገባም። ይቅርታ ሊጠይቀኝ ከፈለገ ግን የእኛ ኩሽና በር ክፍት ነው። ቆቡን አጥልቆ፣ ጋውኑን ለብሶ፣ ከመስመሩ ወዲህ ይምጣ።»

«እነግራቸዋለሁ። በእነዚሁ ቃላት።»

«ባይመጣስ?»

«ባይመጡም አገባሻለሁ» አለ። ይህን ሲል አላፈረም፣ አልተንተባተበም፣ ጨርቅም አላጠፈም። ከዚያ ሹካውን አንስቶ ሌላ ጉርሻ ቆረሰ።

«ተው እንጂ፣ ጨው ነው አልክ እኮ!»

«ጨው ነው። ግን የእኔ ነው» አለና አፉ ከተተው። ፊቱን አጨማደደና ደገመው።

ቃሪያ ውሃ ልትቀዳለት ዞረችና እርምጃዋ ተገታ። እዚህ ኩሽና ከገባች ጀምሮ ስንት ትሪ ሸፍና ልካለች፤ የሚመለስላት ግን ባዶ ሳህን ነው። የሠራችውን ሰው ሲበላ አንድ ቀን እንኳን አይታ አታውቅም። አሁንም ተናዳለች፤ በካፒቴኑ ተናዳለች፣ በዚያ ጠረጴዛ ተናዳለች፣ በዚህም ሰው ገና ሙሉ በሙሉ አልበረደላትም። ነገር ግን የምትወደው ሰው ፊቷ ቆሞ፣ ያ አስቂኝ ቆብ ጆሮው ላይ ወርዶ፣ ዓይኑ እያነባ ዶሮዋን ሲያኝክ ስታይ ደረቷ ውስጥ የሞቃትን ያህል እስከ ዛሬ የማንም «እጅሽ ይባረክ» አሙቋት አያውቅም።